የላስቲኩ ሌላኛው ጫፍ

ጭሮ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኩብራ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። ሰላምታዬ አንቺንም ባልሽን አብዱልቃዲርንም እኩል ያዳርስ።

ደብዳቤሽን ሾፌሩ ቡርሃን ከሚኒባሱ ሳይወርድ በመስኮት ነው የወረወረልኝ። እጄ ግራሶ ስለነበር በጥርሴ ይዤው ገባሁ፤ ጥግ ላይ የቀረውን የጥርሴን ምልክት አይቼ ለብቻዬ ሳቅሁ። ስለዘገየሁ አፉ በይኝ። ስልክ ላንቺ ጆሮ አይሆንም፣ በስልክ መጻፍ ደግሞ ለእኔ ጣት አይሆንም። አንዱን ፊደል ስነካ ሦስቱ ይወጣሉ፤ የመኪና ጎማ ሲፈታ የኖረ ጣት ነው። በወረቀት እንነጋገር ያልሽው ተስማምቶኛል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው የጻፈው ነውና አታርሚኝ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ልጄ ሀዲያ ትበላለች። ቁርኣን ቤት ቀርታ አታውቅም። ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ ሒሳብ ትወዳለች፣ መጻፍ ይሰለቻታል፣ እንደኔ። ጸጉሯ ንጹሕ ነው። ስለ ጸጉሯ ይኼ ይበቃል።

እናቷን አንስታ ታለቅሳለች ወይ ላልሽው፣ አታለቅስም። ምነው ባለቀሰች የምልበት ቀን አለ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የእናቷን የሳብሪናን መሳቢያ ትከፍትና ያንን ላስቲክ ታወጣለች። ታውቂዋለሽ፤ ብር የሚታሰርባቸው ቀጫጭን ላስቲኮች አንዱ በሌላው እየሾለከ ተቀጣጥሎ፣ ጫፍና ጫፉ ተገናኝቶ ትልቅ ቀለበት የሆነው። ሁለት ልጆች እግራቸው ላይ ገትረውት ይቆማሉ፣ ሦስተኛዋ መሀሉ ትዘላለች፤ ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ወገብ እያለ ከፍ ይላል። ሳብሪና በሕይወት ሳለች አንዱን ጫፍ ትይዝላት ነበር፣ ሌላውን ጫፍ የፓፓያው ግንድ። አሁን በሁለት ወንበር እግር ላይ ትገትረውና አጠገቡ ትቆማለች። አትዘልም። ታየዋለች።

ባለፈው ጁምዓ ከመስጊድ ስመለስ ሱሪዬን ሰብስቤ ግቢው መሀል ገባሁና ላስቲኩን ቁርጭምጭሚቴ ላይ አደረግሁት። «ዝለይ» አልኳት። ሁለቴ ዘለለችና ቆመች።

«አባ፣ አትናገርም እንዴ?»

«ምን ልበል?»

«በአፍህ አይደለም። የእማ ላስቲክ ይናገራል። ያንተ ዝም ይላል።»

ደግሜ ብጠይቃት ትከሻዋን ሰብቃ ወደ ቤት ገባች። አንቺና እህትሽ ሳብሪና ሂርና፣ ሼህ ሙሜ ግቢ ውስጥ፣ ይህን ጨዋታ ስትጫወቱ እንዳደጋችሁ አውቃለሁ። ላስቲክ እንዴት አድርጎ ነው የሚናገረው? እባክሽ ጻፊልኝ።

አጎታችሁ ሼህ ሙሜ ያሉትን አልረሳሁም። ትምህርት እስኪዘጋ እኔ ዘንድ ትቆያለች፣ ሰኔ ላይ ሂርና ፊታቸው እንቀመጣለን፤ ካንቺ ጋር ድሬዳዋ ትግባ ወይስ እኔ ዘንድ ትቅር ያኔ ይቆርጣሉ። ወንድ ብቻውን ሴት ልጅ አያሳድግም ብለሻል። ቤተሰቡም ብሏል። በዚህ አልከራከርሽም። ብቻ ልጄን አልለቅም። በኋላ ሸሸገኝ እንዳትይ ከአሁኑ ልንገርሽ ብዬ ነው።

ወንድምሽ ጅብሪል

*

ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጅብሪል፣

ሰላምታው ይቆይ። መጀመሪያ ቁጣዬን ተቀበል።

«ጸጉሯ ንጹሕ ነው» ብለህ ጻፍክልኝ። ንጹሕ ነው እንጂ፣ የለማ! ከጭሮ ጫት ይዛ የመጣች ሴት ገበያ ላይ አገኘችኝና እጇን ራሷ ላይ እያዞረች አሳየችኝ። የሳብሪና ልጅ ሻርፕ ስር እንደ ወንድ ልጅ ተከርክማለች አለችኝ። ከንፈሯን በደንብ አላነበብኩም ይሆናል ብዬ እንደገና አስደገምኳት። ያው ነው። የእናቷ ጸጉር ወገቧ ላይ ይደርስ ነበር! ምን አደረግካት?

ደግሞ አባቷ ግቢ መሀል እግሩን ላስቲክ ውስጥ ከቶ እንደ ታሰረ በግ ይቆማል፣ የሰፈሩ ጎረምሳ በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያየዋል አለችኝ። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነው። እኔ አልሳቅሁም። ዋሸሁ፤ ትንሽ ስቄያለሁ። ከዚያ ቤት ገብቼ ያደረግሁትን አልነግርህም።

የጠየቅከኝን አልመልስልህም። ላስቲኩ እንዴት እንደሚናገር የእኔና የእህቴ ነው። ሀዲያ እኔ ዘንድ ስትመጣ ከእኔ ትማረዋለች። መምጣት ያለባትም ለዚህ ለዚህ ነው፤ እናቷ ያስጀመረቻትን የሚጨርስላት ሰው እዚያ የለም። አንተ ጎማህን ንፋ።

አብዱልቃዲር ሰላም ብሎሃል። እሱ ከእኔ የተሻለ ሰው ነው።

ኩብራ

ሴትየዋ ላስቲክ ተጣብቆባት ነው ብላኛለች፤ ባዶ ላስቲክ ጸጉር ላይ አይታሰርም። በጨርቅ ይጠቀለላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቤታችሁ ውስጥ ከሌለ፣ ያልኩትስ ምን ነበር?

*

ጭሮ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኩብራ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ቁጣሽ ደርሶኛል፣ ይገባኛልም። መሸሸጌ ከመቁረጤ የባሰ ነው። እንዴት እንደሆነ እንደወረደ ልንገርሽ።

የጸጉር ማሰሪያዋ ጠፋባት። ትምህርት ቤት ሊረፍድ ነው። እኔ ደግሞ ለማንኛውም ችግር የጎማ ከመነዳሪ የምቆርጥ ሰው ነኝ። የበሩ መዝጊያ ከመነዳሪ ነው፣ የባልዲው ማንጠልጠያ ከመነዳሪ ነው። ከአሮጌ የባጃጅ ከመነዳሪ ቀለበት ቀለበት አድርጌ ቆረጥኩና ጸጉሯን ሁለት ቦታ አሰርኩላት። ቅባት ነበረው፤ ቀኑም ፀሐይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስትመጣ ላስቲኩ ለስልሶ እንደ ማር ተጣብቋል። ብጎትት አመማት። ዘይት ባደርግ ባሰ። በመጨረሻ መቀስ አነሳሁ፤ በአንድ በኩል ስቆርጥ በሌላው አልመጣጠን አለኝ፣ ሳመጣጥን ሳመጣጥን አለቀ። ስጨርስ መስታወት አየችና «እማ አሁን ብታየኝ ታውቀኛለች?» አለችኝ። ዞር ብዬ መቀሱን ስጠርግ ቆየሁ።

ያልነገርኩሽ ፈርቼ ነው፣ ሰኔ ላይ ሼህ ሙሜ ፊት ታነሺዋለሽ ብዬ። አንሺው። ካላነሳሽው እኔ አነሳዋለሁ። ማሰሪያዎቹን አሁን በጨርቅ ጠቅልዬ ሰፍቻቸዋለሁ፤ ጸጉሩ ሲደርስ ይደርሳሉ።

ሌላውን አልነግርህም ስላልሽኝ ግን እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። አንድ እሽግ የብር ላስቲክ ገዛሁና ሥራ ቦታ ይዤው ዋልኩ። ጎማ ነቅዬ ሙጫው እስኪይዝ ስጠብቅ ቁጭ ብዬ በጣቴ እሞክራለሁ። የሚሳቅብኝን አልነግርሽም ልል ነበር፣ ግን ልንገርሽ፤ መሳቅ ሳይሻልሽ አይቀርም።

«ጅብሪል፣ ሹራብ ጀመርክ እንዴ?» አለኝ አንዱ የከባድ መኪና ሾፌር።

«አቦ ተወው» አለው ረዳቱ፣ «ሊያገባ ነው። የሙሽራዋን አምባር እየሠራ ነው።»

«በዚህ ጣት? ሙሽራዋ ትሸሻለች በለኛ!»

«ለልጄ ነው» አልኳቸው። «እናት የላትም። ጨዋታ ልማርላት ነው።»

ፊታቸውን ወደ መኪናው ሲያዞሩ ደግሞ እኔ አፈርኩ፤ ለምን ሳቃቸውን ቆረጥኩባቸው ብዬ። ከሚኤሶ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ከጋቢናቸው ወረዱና «አምጣ እስቲ» ብለው አንዷን ላስቲክ ሁለት ጣታቸው ላይ አጠለቁ። እጃቸውን ጨበጡ፣ ፈቱ። ላስቲኳ ዘላ ከሌሎቹ ሁለት ጣቶች ላይ ተገኘች። «ሴት ልጄ ናት ያስተማረችኝ፤ አሁን አግብታ ልጅ ወልዳለች» አሉ። ወዲያው ያ ሲሳለቅ የነበረው ረዳት «እኔም አንድ አለኝ» ብሎ የሰርዲን ቆርቆሮ ላይ አምስት ላስቲክ ገትሮ ክራር አደረገው። ሌላው ቁራጭ ከመነዳሪ ጠቅልሎ፣ ላዩን ላስቲክ በላስቲክ ሸፍኖ ኳስ ሠራ፤ ኳሱ አጥር ዘሎ አስፋልት ገባ። የሄዱት ሄዱ፣ የቆዩት ቆዩ፣ ጎማዬ ቶሎ አልደረሰም ብሎ የጮኸብኝ ሰው አልነበረም።

ይህን ሁሉ ማታ ለሀዲያ አሳየኋት። የጣቱን ጨዋታ ከእኔ ቀድማ አወቀችው። ክራሩን «አይቃኝም» ብላ ናቀችው። በሁለት እርሳስ ላይ ላስቲክ እየጠለፈች አምባር ሠራች፤ አንዱ ላንቺ ነው፣ ፖስታው ውስጥ አለ። ቢጫውንና ቀዩን ራሷ ናት የመረጠችው።

አንድ ነገር ደግሞ ልበልሽ። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ምንጣፌ ላይ እንደተቀመጥኩ ራሴን እጠይቃለሁ። ልጅቷን አልለቅም የምለው ለእሷ ብዬ ነው ወይስ ቤቱ ባዶ እንዳይሆንብኝ? ለእሷ ነው ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ሁለቱም ነው። የትኛው እንደሚበዛ አላህ ያውቃል፣ እኔ ገና አላወቅሁም። እስካውቅ ግን እግሬን ከላስቲኩ አላወጣም። ጎረምሶቹ ይዩኝ። እንዴት እንደሚናገር ካልነገርሽኝም እየሞከርኩ እደርስበታለሁ።

ጅብሪል

*

ድሬዳዋ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጅብሪል፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ረመዷን ሳይገባ ልጻፍልህ ብዬ ነው። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ደብዳቤህን አግኝቻለሁ። ለምን ዝም አልሽ ላልከው፣ ታምሜ አይደለም፣ ተቀይሜም አይደለም። አምባሩ ደርሶኛል። ሊጥ ሳቦካ አወልቀዋለሁ፣ መልሼ አደርገዋለሁ። አብዱልቃዲር «ይበጠሳል፣ አስቀምጪው» ይለኛል። አላስቀምጥም።

ብዙ አሰብኩና ልነግርህ ወሰንኩ። ደግሜ አልነግርህምና በደንብ አንብብ።

ጆሮዬ የተዘጋው ገና ልጅ ሳለሁ ነው፣ ከትኩሳት በኋላ። ሂርና ልጆቹ ላስቲክ ሲዘሉ ይዘፍናሉ፣ የሚዘለው በዘፈኑ ምት ነው። እኔ ዘፈኑን አልሰማም፤ እግሬ ይቀድማል ወይ ይዘገያል፣ እሳሳታለሁ፣ ተራዬ ያልፋል። ኋላ ላይ ጭራሽ ተራ መስጠቱን ተዉት። «ኩብራ ትያዝ» ይሉ ነበር። ሁልጊዜ ያዥ ሆንኩ፣ እንደ ፓፓያው ግንድ። ሳብሪና ታናሼ ናት፤ ጥርሷ እንኳ ገና አልተነቀለም። አንድ ቀን እሷ አንዱን ጫፍ ይዛ «ግቢ» አለችኝ። ገባሁ። ልጆቹ ሲዘፍኑ እሷ በእያንዳንዱ ምት ተረከዟን ትንሽ ወደ ኋላ ታደርጋለች። ያ መሳብ በላስቲኩ ላይ ይመጣል፣ እግሬ ጋ ይደርሳል። አጭር ስትስብ ዝለይ፣ ረዘም ስታደርግ ቁሚ። ዘፈኑን በእግሬ ሰማሁት። ያን ቀን እስከ ብብት ወጣሁ፤ ማንም አልደረሰብኝም።

ምስጢሩ ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ምንም የለውም፤ ተረከዝ ብቻ ነው። በጉልበት አይደለም፣ አንተ ደግሞ ጎማ የምትፈታ ሰው ነህ፣ በጉልበት እንዳይሆን።

ሀዲያ ጆሮዋ ደህና ነው። ሳብሪና ለምትሰማ ልጅ ይህን ለምን እንዳስተማረቻት አላውቅም ነበር፤ ካንተ ደብዳቤ ነው ማስተማሯን ራሱ ያወቅሁት። ስለዚህ ነው ዝም ያልኩት። እህቴ እዚያ ግቢ ውስጥ በየቀኑ እኔን ታነሳ ነበር ማለት ነው፣ ስሜን ሳትጠራ።

የነገርኩህ ልጅቷ ዝም ያለ ላስቲክ አጠገብ እንዳትቆም ነው። ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት አይደለም። ሰኔ ላይ እመጣለሁ፣ ሼህ ሙሜ ፊት እጠይቃታለሁ።

ረመዷን ሙባረክ።

ኩብራ

*

ጭሮ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኩብራ፣

ዒድ ሙባረክ። አላህ ጾማችንን ይቀበለን። ለሀዲያ የላክሽው ቀሚስ ልክ ነው፤ እጅጌው ብቻ ትንሽ ረዝሟል፣ «አድግበታለሁ» ብላለች።

እንዳልሽው አደረግሁ፣ እንዳልሽው ተሳሳትኩ። በጉልበት ሆነ። መጀመሪያ ቀን ተረከዜን ስስብ ላስቲኩ እግሯን ጠልፎ ጣላት፤ ጉልበቷ ተላጠ። ደንግጬ ላነሳት ስሮጥ እኔም ተጠልፌ ወደቅሁ። መሬት ላይ እንዳለን አየችኝ። «አባ፣ በጣም ጮህክ» አለችኝ። ከዚያ ሳቀች። ኩብራ፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አልሰማሁም ነበር። አንቺም ብታይው ብዬ ተመኘሁ፤ በእውነት ነው የምልሽ።

ከዚያ በኋላ ቀስ ማለት ተማርኩ። ጾሙ ውስጥ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ እስከ ኢፍጣር ግቢው የእኛ ነበር። መጀመሪያ ሁለት የጎረቤት ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ አዩ። ቀጥሎ በሩን አንኳኩ። አሁን ቅዳሜ ሲሆን ግቢው አይበቃም፤ ከታች ሰፈር ሁሉ ይመጣሉ። ሀዲያ በተራ ታስይዛቸዋለች፣ ተረከዝ አሳሳብ ታስተምራቸዋለች፣ የማይሰማትን ትቆጣለች። ቁጣዋ ያንቺን ይመስላል፤ ይህን ስድብ እንዳታደርጊው። እኔን አሁን አያስገቡኝም። «አባባ ወፍራም ነው፣ ላስቲኩን ይበጥሳል» ብለው ከበረንዳው አስቀመጡኝ።

የነገርሽኝ ነገር ምን ያህል እንደከበደሽ ይገባኛል። በምትኩ የምሰጥሽ ቃል አለ። እስከ ሰኔ ለሀዲያ «ሼህ ሙሜ ሲጠይቁሽ እንዲህ በይ» አልላትም። አንድም ቀን። አንቺም መልእክት አትላኪባት። ያንቺን አንቺ ተናገሪ፣ የእኔን እኔ እናገራለሁ፣ የእሷን እሷ። የጸጉሩንም ነገር እኔው እነግራቸዋለሁ ብያለሁ፣ እነግራቸዋለሁ።

ልጄን አለመልቀቄ ግን እንዳለ ነው።

ጅብሪል

*

ጭሮ፣ ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኩብራ፣

አሰላሙ ዓለይኩም።

ረቡዕ ከሂርና ሳትሰናበቺን መሄድሽን አልያዝኩብሽም። አብዱልቃዲር ከኋላሽ ቦርሳሽን ይዞ ሲሮጥ አየሁት። ጉዞው ምን እንደሚመስል ስትጽፊ ንገሪኝ ልልሽ አልችልም፣ ምን እንደሚመስል አውቃለሁና።

ይህን የምጽፍልሽ አንቺ ያየሽው የነገሩን ግማሽ ስለሆነ ነው። የጸጉሩን ነገር እንደ ቃሌ ስናገር ነበርሽ። ሼህ ሙሜ «ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ ከአክስትሽ ጋር ትሄጃለሽ?» አሏት። ያን ከከንፈራቸው አንብበሻል። ሀዲያ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ያንንም አይተሻል። ተነሳሽ፣ ወጣሽ። አልፈርድብሽም። ግን ልጅቷ አንገቷን ምንጣፉ ላይ ደፍታ ንግግሯን ቀጥላ ነበር። ከንፈሯ አይታይም። የሰማነው እኛ ነን።

በዝምታ ላልፈው አስቤ ነበር፣ አልዋሽሽም። ሼህ ሙሜ ለእኔ ፈርደዋል፤ የተገኘ ነገር ተገኘ፣ ምን አነካካኝ ብዬ ነበር። ከሂርና ጭሮ እስክንደርስ ይህን አሰብኩ። ሶላት ላይ ሱጁድ ስወርድ ግን የልጅቷ አንገት ፊቴ ላይ መጣብኝ። ስለዚህ ቃል በቃል እነሆ።

«ቅዳሜ ተራዬ ነው» አለች።

ሼህ ሙሜ ሳቁ። «ምን ተራ?»

«የመያዝ። ትምህርት ተዘግቷል፣ ሁሉም ይመጣሉ።»

«አባትሽስ? አባትሽን አታስቢም?»

«አባ ጎማው አለው» አለች። እንዲህ ነው ያለችው፤ አንድም አልጨመርኩ፣ አንድም አልቀነስኩ። እኔ እዚያ ሰው ፊት የምናገረውን ወሩን ሙሉ ሳዘጋጅ ነበር የከረምኩት። ለካስ ለእኔ ብላ አልነበረም። ለጨዋታዋ ነው። ሳዝን ሳዝን ቆይቼ በኋላ ደስ አለኝ፤ እናቷ የሞተችባት ልጅ የምትሳሳለት ቅዳሜ አላት።

ከዚያ ቀና ብላ አንቺን ፈለገች። የለሽም። «አክስቴ ለምን ተናደደች? ዛሬ አልሄድም አልኩ እንጂ አልመጣም አልኩ?» ብላ ሼህ ሙሜን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም እኔን አዩኝ። «ሰማህ?» አሉኝ። «ልጅቷ ያንተ ናት ብያለሁ፣ አልመልሰውም። የሚቀረውን አንተ ታውቃለህ።»

አውቄዋለሁ። ቡርሃን ነገ ጠዋት ይህን ደብዳቤ ያደርስልሻል። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ተራዋን ትይዛለች። እሑድ እኔና እሷ እንነሳለን። ድሬዳዋ አድርሻት እኔ ብቻዬን እመለሳለሁ፤ ክረምቱን ካንቺ ጋር ትክረም። ትምህርት ሊከፈት ሲል መጥቼ እወስዳታለሁ። ፈርቻለሁ፤ አስፋልቱን ትወደዋለች፣ አይስክሬሙን ትወደዋለች፣ አንቺን ትወድሻለች፣ ያኔ ደግሞ «አባ ዛሬ አልሄድም» ትለኛለች ብዬ። ብትለኝም እመጣለሁ። ደግሜም እመጣለሁ። አልለቅም ያልኩሽን አላጠፍኩም፤ እጇን ይዤ ነው ደጅሽ የማደርሳት።

ወደ መናኸሪያ አትውጪ፣ ፀሐዩ ይጎዳሻል፤ ቤትሽን ቡርሃን ያሳየናል። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ይህች ልጅ ትልቁን ነገር የምትናገረው ወደ መሬት ነው። እንደገባች አንገቷን ትደፋለች፣ የሆነ ነገር ታጉተመትማለች። አትነሺባት። አገጯን በጣትሽ ቀና አድርጊና «እንደገና ንገሪኝ» በያት።

ጅብሪል